ወደ መስኮቱ ዞር በሉ

ጋሽ ወልደ ሚካኤል ተማሪ ሲያስነሡ መጀመሪያ የሚሉት ነገር ጀርመንኛ አይደለም። «ወደ መስኮቱ ዞር በል» ነው የሚሉት። ተማሪው ይነሣል፤ ፊቱን በባቡሩ ሐዲድ በኩል ወደሚገባው ብርሃን ያዞራል፤ አፉን ከፈት አድርጎ ይናገራል። የሚያጉተመትም ካለ ወይም በሻርፗ አፏን የምትሸፍን ካለች «ጀርመንኛ ጉንጭ ውስጥ አይወራም፤ ከንፈር ላይ ነው» ይላሉ። ክፍሉ ይስቃል። እሳቸው አይስቁም።

እኔም ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ ባጣሁበት ዓመት ጀርመንኛ የተማርኩት በዚሁ ክፍል፣ በዚሁ መስኮት ፊት ቆሜ ነው። ጀርመን መሄዱ አልሆነልኝም፤ ቋንቋው ግን እንጀራ ሆነኝ። ጋሼ ጀማሪዎቹን በክፍል ያስተምራሉ፤ እኔ ደግሞ ከእሳቸው ያለፉትን ተቀብዬ ማታ ማታ በኦንላይን እቀጥላለሁ። አሁንም ድረስ ሰው አንድ ነገር ሲጠይቀኝ ሳላስበው ወደ ብርሃን ዞሬ ነው የምመልሰው። እህቴ ማሂ «ፎቶ የሚያነሣህ አለ እንዴ?» እያለች ትቀልድብኛለች።

ትምህርት ቤቱ ከልደታ ባቡር ጣቢያ ወረድ ብሎ ያለ ሕንፃ ላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው። አንድ ማስተማሪያ ክፍልና አንድ ቢሮ አለው። በሁለቱ መሀል ያለው ግድግዳ ሳይሆን መስታወት ነው፤ ከእኛ በፊት የነበረው የጉዞ ወኪል ትቶት የሄደ። ቢሮው የራሱ መስኮት የለውም፤ ብርሃኑን የሚያገኘው በዚያ መስታወት አልፎ ከክፍሉ ነው። ቢሮ የተቀመጠ ሰው ክፍሉን ያያል፣ ክፍል ያለውም ቢሮውን ያያል፤ ድምፅ ግን አይተላለፍም። ባቡር ባለፈ ቁጥር መስታወቱ ይንቀጠቀጣል።

ባቡሩ ሲያልፍ እኛ ተማሪዎቹ እስኪርቅ ዝም እንል ነበር። ጋሼ አያቋርጡም። የጀመሩትን ይጨርሳሉ፣ ይጠይቃሉ፣ መልስም ይጠብቃሉ። ይህን ከጥንካሬያቸው ቆጥረነው ነበር። በአንጻሩ ደመና በከበደበት ቀን መብራት ከጠፋ አንዲት ቃል አይጨምሩም። ማርከሩን ይከድኑና «ለዛሬ ይበቃናል» ይላሉ። ሌላ አስተማሪ ቢሆን በስልክ መብራትም ይቀጥል ነበር። ጋሼን ባቡር አያስቆማቸውም፣ አምፖል ግን ያስቆማቸዋል እንባባል ነበር።

ወጣት ሳሉ ምሥራቅ ጀርመን ተልከው ላይፕዚግ ላይ የማተሚያ ማሽን ጥገና ተምረዋል። ተመልሰውም ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ፣ ሌት ተቀን ከሚጮኹት ማሽኖች አጠገብ ሠርተዋል። ልጅ የላቸውም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጠጅቱ ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። አንድ ቀን ሻይ ይዤላቸው ስመጣ «ጠዋት ተነሥቼ ሱሪዬን የምተኩሰው ለዚህ ክፍል ነው» አሉኝ። «ይሄ ባይኖር በፒጃማ ነበር የምሞተው።» የቀለዱ መስሎኝ ሳቅኩ።

ከፋሲካ በኋላ የሕንፃው ባለቤት ፎቁን ለባንክ እንዳከራየውና ሰኔ ሲያልቅ እንድንለቅ ነገረን።

የትምህርት ቤቱ ባለቤት ሰብለወንጌል ናት። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ ግን አንቱ ስላት «አታስረጀኝ» ስለምትል አንቺ እላታለሁ። እሷም የጋሼ ተማሪ ነበረች፣ ከመጀመሪያዎቹ። የዚያን ዕለት ከሰዓት ሜክሲኮ ካለ አንድ ካፌ ጠርታ አስቀመጠችኝ።

«ሰንጋ ተራ አንድ ክፍል አይቻለሁ» አለችኝ። «ውድ ነው። ጋሼ በክፍል የሚያስተምሩት ትምህርት ከኦንላይኑ በእርግጥ የሚሻል ከሆነ እንደምንም እከራየዋለሁ። ካልሆነ ግን ሁሉንም ኦንላይን አደርገዋለሁ። ጋሼም ቤታቸው ቁጭ ብለው ያስተምራሉ፤ ደረጃ መውጣትም ይቀርላቸዋል።»

«የሚሻለውን በምን ታውቂያለሽ?»

«አንተ ትነግረኛለህ። ጠዋት አንድ ቡድን በክፍል ያስተምሩ፣ አመሻሽ ላይ ሌላ ቡድን በኦንላይን። ያው ጋሼ፣ ያው መጽሐፍ። አንተ ሁለቱም ጋ ተቀመጥ፤ ኮምፒዩተሩንም አንተ ትነካካላቸዋለህ። ከዚያ የቱ እንደሚሻል ንገረኝ።»

«እኔ እኮ የኦንላይን አስተማሪ ነኝ። ላዳላ እችላለሁ።»

«የሚያዳላ ሰው እንዲህ ብሎ አይጀምርም» አለችና ማኪያቶዋን አማሰለች።

ጠዋት ጠዋት ከኋላ ወንበር ላይ እቀመጥ ጀመር። ከተማሪዎቹ ውስጥ ቤካ የሚባል ነርስ አለ። የሌሊት ተራውን ጨርሶ፣ ዓይኑ ቀልቶ ይመጣና ጋሼ ሲያስነሡት ከወንበሩ ጋር ይታገላል።

«ቤካ፣ ወደ መስኮቱ።»

«ጋሼ፣ ፀሐይዋ ዓይኔን ልታጠፋው ነው።»

«ጀርመን ስትሄድ ትናፍቅሃለች። ተናገር።»

ቤካ ይናገራል። ጋሼ ዓይናቸውን ከአፉ ሳይነቅሉ ያዳምጣሉ። ጀርመኖቹ ከንፈር ሰብሰብ አድርገው የሚያወጡት፣ ለእኛ አፍ እንግዳ የሆነ ድምፅ አለ፤ ቤካ ሲያልፈው ወዲያው ያስቆሙታል። «ሰብስበው! እንደምታፏጭ። አፏጨህ አታውቅም? ሴት አይተህ?» ክፍሉ በሳቅ ይሞላል፤ ቤካም እየሳቀ ያስተካክለዋል። «ገባችሁ?» ሲሏቸው እንደ አገራችን ልማድ ግማሹ ትንፋሹን ሳብ አድርጎ፣ ግማሹ ቅንድቡን ብቻ አንሥቶ እሺ ይላል። ጋሼ አንድ ቅንድብ አያመልጣቸውም። ያልተነሣውንም ያያሉ። «አንተ፣ ጥግ ላይ ያለኸው፣ አልገባህም» ይሉና ከመጀመሪያው ይደግሙታል።

በእውነት ጥሩ ክፍል ነበር። እኔ በኦንላይን በወር የማደርሰውን እሳቸው በሁለት ሳምንት ሲያደርሱት አይቻለሁ።

ማታ ማታ ግን ሌላ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ቢሮ ውስጥ ላፕቶፑን ከፍቼ፣ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አድርጌ አስቀመጥኳቸው፤ እኔም በስልኬና በራሴ ማዳመጫ ገባሁ። ተማሪዎቹ ገቡ። ጋሼ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብለው ፈለጉ።

«የታሉ ልጆቹ?»

«እነዚህ ናቸው ጋሼ።»

ጥቁር ጥቁር ሳጥኖች፣ በእያንዳንዳቸው ላይ ስም። ጋሼ አንድ በአንድ አነበቧቸው።

«ይሄማ መቃብር ላይ የሚጻፍ ስም ነው» አሉ።

ካሜራ እንዲከፍቱ ለመንኳቸው። ጥቂቶቹ ከፈቱ። ምስሉ ግን ይቆማል፣ ይዘላል፤ አፍ ከተከደነ በኋላ ድምፅ ይመጣል። ትንሽ ቆይቶ የአንዱ ፓኬጅ አለቀ፣ ሌላው ሱቅ ውስጥ ሆኖ ደንበኛ መጣበት፣ ሁሉም መልሰው ዘጉ። አልፈረድኩባቸውም። ለእነዚህ ሰዎች ኦንላይኑ ባይኖር ጭራሽ አይማሩም ነበር። ለምሳሌ ሀያት። ልደታ ኮንዶሚኒየም ከአማቷ ጋር ነው የምትኖረው፤ ትምህርት ቤቱ በእግር ቅርብ ነው፣ ግን የሚጠባ ልጅ ይዛ ሦስት ፎቅ ወጥታ ክፍል አትቀመጥም። ባሏ ሙስአብ ፍራንክፈርት ነው፤ ልጁን በስልክ ካልሆነ አይቶት አያውቅም። እሷ ወደ እሱ ለመሄድ የመጀመሪያውን ደረጃ ፈተና ማለፍ አለባት። ፈተናው ክረምት ሲገባ ነበር፣ ከሰው ፊት ተቀምጦ የሚወሰድ።

በሁለተኛው ሳምንት ጋሼ ሀያትን የት እንደምትኖር በጀርመንኛ ጠየቋት። ዕድሜዋን ነገረቻቸው።

«በጣም ጥሩ፣ ሀያት!» አሉ ጋሼ፣ በጀርመንኛ፣ ደስ ብሏቸው።

ኔትወርክ ነው ብዬ አለፍኩት። በማግሥቱም ተመሳሳይ ነገር ሆነ፣ በሌላ ተማሪ። ከዚያ ጋሼ መጠየቁን ቀነሱና ራሳቸው ብቻ ይናገሩ ጀመር። «ገባችሁ?» ሲሉ ከወዲያ በኩል የሚመጣ ነገር የለም፤ ያቺን የትንፋሽ እሺ ማሽኑ እንደ ኮሽታ ቆጥሮ ያጠፋታል። ቅንድብም የለም። ዝም ብለው ጥቂት ይጠብቁና «በጣም ጥሩ» ብለው ይቀጥላሉ። ከተማሪዎቹ «ጋሼ፣ ያልኩት እሱን አይደለም» የሚል አልተገኘም። ትልቅ ሰው፣ ያውም አስተማሪ፣ ማን ደፍሮ ያርማል? ሁሉም በየቤቱ አፍሮ ዝም አለ።

አንድ ማታ ሀያት በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። ከኋላ ሕፃኑ ያለቅሳል።

«ቲቸር ሰላሁን፣ በአላህ ለጋሼ እንዳትነግርብኝ። ስሳሳትም ጥሩ ነው ይሉኛል፣ ሳልሳሳትም ጥሩ ነው ይሉኛል። ትናንት ልሞክራቸው ብዬ በአማርኛ 'ሽንኩርት ተወዷል' አልኩ። 'በጣም ጥሩ ሀያት' አሉኝ። ልጅ ይዛ ነው ብለው አዝነውልኝ ከሆነ አይዘኑልኝ። ፈታኙ አያዝንልኝም።»

ሽንኩርቱን እኔም ሰምቼው ነበር። የአንዱ ማይክ ሳይዘጋ ቀርቶ የቤት ወሬ የገባ መስሎኝ ነው።

መልእክቱን ደግሜ አዳመጥኩት። ከዚያ ነገሮች አንድ በአንድ መምጣት ጀመሩ። ባቡሩ። አምፖሉ። በኮሮና ጊዜ ሁሉም አፉን ሲሸፍን ጋሼ ጉልበቴን አመመኝ ብለው ከሥራ ቀርተው ነበር፤ ጭምብሉ ሲቀር ጉልበታቸውም ተሻላቸው። ደግሞ ከእሳቸው የሚመጡልኝ ተማሪዎች ሁልጊዜ ከንፈር ላይ የሚታየውን ድምፅ አጥርተው፣ ጉሮሮ ውስጥ የሚቀረውን ግን አበላሽተው ነው የሚመጡት። ለዓመታት ያንን የጉሮሮ ድምፅ ስጠግን ኖሬ ለምን ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

በማግሥቱ ጠዋት ጋሼ ጀርባቸውን ሰጥተው ሰሌዳው ላይ ሲጽፉ ከኋላ ወንበር «ጋሼ!» አልኩ፤ ጠንከር አድርጌ። ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አየኝ። እሳቸው መጻፋቸውን ቀጠሉ።

«ሲጽፉ አትጥራቸው» አለኝ ቤካ በሹክሹክታ። «ያኔ ጀርመን ናቸው።»

ተማሪዎቹ ሲወጡ ቀረሁ። ጋሼ ወንበሮቹን ያስተካክሉ ነበር። መስኮቱ ጋ ሄጄ ቆምኩና ቀና ብለው እስኪያዩኝ ጠበቅኩ። ከዚያ ድምፅ ሳላወጣ፣ በከንፈሬ ብቻ፣ «ጋሼ፣ አይሰሙም አይደል?» አልኩ።

የያዙትን ወንበር ቀስ ብለው አስቀመጡት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅከው?» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ በድምፅ ማውራት እችል ነበር፤ ግን ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ብዙውን በከንፈሬ ብቻ ነው ያወራሁት። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የእሳቸው ድምፅ ብቻ ነበር።

«ድምፅ ይመጣል» አሉ። «ቃል ነው የማይመጣው። የጆሮ መሣሪያ ሞክሬ ነበር፤ ባቡሩን አምጥቶ ጭንቅላቴ ውስጥ አስገባብኝ። መሳቢያ ውስጥ አለ።»

«ማን ያውቃል?»

«ጠጅቱ ታውቅ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ከኋላው ትቆምና ያለውን በከንፈሯ ትደግምልኝ ነበር። ሰው ሁሉ ቡና ልታቀርብ የቆመች ይመስለው ነበር።» ትንሽ ፈገግ አሉ። «ከእሷ በኋላ እንግዳ አላስገባም።»

«ሰብለስ?»

«ሰብለ ስታወራ እጇ አፏ ላይ ነው። ከምትለው ግማሹን እሺ እላታለሁ፤ እስካሁን አልከሠርኩም።»

ሰብለ ያዘዘችኝን ያውቁ ስለነበር ሰኔ ሲያልቅ ምን ልላት እንዳሰብኩ ጠየቁኝ። ገና እንዳልወሰንኩ ነገርኳቸው።

«ኦንላይን አይረባም በላት» አሉኝ። «አየህ አይደል? ማታ የማስተምራቸው ምንም አላወቁም። እውነቱን ነው የምትነግራት።»

«የእኔ ተማሪዎች እኮ በኦንላይን ደህና ናቸው ጋሼ።»

«እሷ የጠየቀችህ የእኔን ነው።»

«ሀያትስ? እሷ ክፍል መምጣት አትችልም።»

«ሀያት ምን ሆነች? ጎበዝ ናት እኮ።»

የሽንኩርቱን ነገር ነገርኳቸው፤ ሀያት አትንገር ብላኝ ነበር፣ ግን ሌላ መንገድ አልታየኝም። መጀመሪያ ሳቁ፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ። ከዚያ ሳቁ ፊታቸው ላይ ደረቀ።

«በጣም ጥሩ አልኳት?»

ቅንድቤን አነሣሁ።

ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ባቡር አለፈ፤ መስታወቱ ተንቀጠቀጠ። እሳቸው የተንቀጠቀጠውን መስታወት አዩት እንጂ ወደ ሐዲዱ አልዞሩም።

«ልጅቷን አንተ ውሰዳት» አሉኝ። «ከዛሬ ማታ ጀምሮ። ሁሉንም ውሰዳቸው። ለሰብለ አሞኛል በላት። ክፍሉን ግን ተውልኝ፤ ሰንጋ ተራም ቢሆን የትም ቢሆን፣ መስኮት ይኑረው እንጂ። የጆሮዬን ነገር አታንሣላት። የማይሰማ የቋንቋ አስተማሪ ማን ይቀጥራል? አንተ ብትሆን ትቀጥራለህ?»

ጠዋት ጠዋት ያየሁትን ካሰብኩ፣ አዎ። ማታ ማታ ያየሁትን ካሰብኩ፣ አይ።

«እሞክራለሁ ጋሼ» አልኳቸው። አላነሣም ብዬ አልማልኩም። ከንፈሬን አይተው ይህንንም ለይተው እንዳወቁት ከፊታቸው ተረዳሁ።

ከዚያ ማታ ጀምሮ ሀያትንና ሌሎቹን እኔ ያዝኳቸው። ሀያት ከልጁ ልቅሶ ጋር እየተፎካከረች ትናገራለች፤ ስትሳሳት ሳስቆማት «ተመስገን፣ በመጨረሻ ሰው ተቆጣኝ» አለች። በሳምንታት ውስጥ የት እንደምትኖር፣ ባሏ ምን እንደሚሠራ፣ ልጇ ስንት ጥርስ እንዳበቀለ መናገር ቻለች። ጋሼ ግን ማታ ቢሮ መምጣቱን አልተዉም። ከጎኔ ወንበር ስበው ይቀመጣሉ፣ ጥቁሮቹን ሳጥኖች ያያሉ፣ ከዚያ እኔን ያያሉ። ተማሪው የሚለውን ከመልሴ ለመገመት እየሞከሩ ይመስለኛል። አንድ ቀን ሀያት ረጅም ዓረፍተ ነገር ስትጨርስ ፊቴ ደስ ብሎት ነበር መሰለኝ፣ «ቻለችው?» አሉኝ። ቅንድቤን አነሣሁላቸው። ጭንቅላታቸውን ነቅንቀው ኮታቸውን አንሥተው ወጡ።

ለሰብለወንጌል የምነግራትን ብዙ ጊዜ አሰብኩበት። ለማንም ሳላዳላ፣ ምንም ሳልዋሽ ልናገረው የምችለው ነገር አለ ብዬ አምን ነበር። ጀማሪ ፊት ለፊት ቢማር ይሻላል፤ የሰው አፍ ማየት አለበት። ክፍል መምጣት ለማይችል ደግሞ ኦንላይኑ ከምንም ይሻላል፣ በደንብ ከተያዘም ያደርሳል። ስለዚህ ጋሼ ክፍሉን ይያዙ፣ እኔ ኦንላይኑን። በዚህ ውስጥ ጆሮ የሚባል ነገር አይነሣም።

የሰኔ ዝናብ ቆም ባለበት አንድ ጠዋት ሰብለወንጌል ወደ ቢሮ ጠራችኝ። ከመስታወቱ ወዲያ ጋሼ እያስተማሩ ነበር። ፀሐይ ወጥታ መስኮቱን ሞልታዋለች። ቤካ ቆሞ፣ ዓይኑን አጥብቦ፣ የሆነ ነገር ይናገራል።

ያሰብኩትን ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ጥሩ ተናገርክ» አለች። «ግን ምንም አልነገርከኝም። ሁለቱም ደህና ነው እያልክ ነው። እኔ የዓመት ኪራይ ልፈርም ነው፣ ሰላሁን።»

«ሁለቱም እንደየሰዉ ነው።»

«እሺ፣ አንድ ነገር አስረዳኝ። ለሀያት ደውዬላት ነበር። ከጋሼ ጋር ኦንላይን ስትማር ምንም አልያዘችም። አንተ ጋ ስትዞር፣ በዚያው ኦንላይን፣ በዚያው መጽሐፍ፣ እየተናገረች ነው። ስለዚህ ኦንላይኑ አይደለም ችግሩ።» እጇን ከአፏ አነሣችና ወደ እኔ ቀረበች። «ጋሼ እየረሱ ነው እንዴ?»

«ምን?»

«እየሳቱ ነው ወይ? አንዳንዴ አንድ ነገር ስጠይቃቸው የማይገናኝ መልስ ይሰጡኛል። ዝም ብዬ አልፌያቸው ነበር። አጎቴም እንዲህ ነው የጀመረው። እንደዚያ ከሆነ ኦንላይኑን ብቻ ሳይሆን ክፍሉንም መስጠት የለብኝም። በልጆቹ ፊት አንድ ነገር ቢሆኑስ? እውነቱን ንገረኝ። ጭንቅላታቸው ነው?»

ዝም ብል አዎ ማለቴ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሼን የምታያቸው በዚያ ዓይን ይሆናል፤ እያንዳንዷን ቃላቸውን እየመዘነች፣ እያዘነችላቸው። በሕይወቴ ካየኋቸው ሰዎች ሁሉ ይበልጥ አእምሮአቸው ንቁ የሆነውን ሰው።

«አይደለም» አልኩ። ተነሥቼ ቆሜ ነበር። «ጭንቅላታቸው ከእኔም ከአንቺም ይሻላል። ጆሯቸው ነው። አይሰሙም። ከድሮ ጀምሮ አይሰሙም። ከንፈር ነው የሚያነቡት።»

ረጋ ብዬ፣ አፌን ከፈት አድርጌ ነው የተናገርኩት። እንደተማርኩት። ፊቴም ወደ ብርሃኑ ዞሮ ነበር።

ያን ጊዜ ነው ያየኋቸው። ቤካ አሁንም ይናገራል፤ ጋሼ ግን ቤካን አያዩም። ማርከሩን በእጃቸው እንደያዙ፣ በመስታወቱ አልፈው እኔን ያያሉ። ዓይናቸው አፌ ላይ ነው።

አፌን ዘጋሁ። ረፍዶ ነበር።

«ጋሼ? አይሰሙም?» ትላለች ሰብለወንጌል ከጎኔ። «ይሄን ሁሉ ዓመት? እኔ እኮ… ታዲያ እንዴት…» እጇ ወደ አፏ ተመለሰ።

ጋሼ ወደ ተማሪዎቹ ዞሩ። ማርከሩን ከደኑት። የሆነ ነገር ተናገሩ። እኔ ከንፈር ማንበብ አልችልም፤ ያቺን ዓረፍተ ነገር ግን ለማወቅ መስማት አያስፈልገኝም። ለዛሬ ይበቃናል። ተማሪዎቹ ተያዩ። አንዱ ቀና ብሎ አምፖሉን አየ፤ በርቷል። ቤካ ፀሐይ ፊቱ ላይ እንደወደቀች እጁን ወደ መስኮቱ ዘርግቶ አንድ ነገር አለ፤ ምናልባት እየቀለደ። ጋሼ አልመለሱለትም።

ኮታቸውን ለብሰው ወደ ቢሮ ገቡ። የክፍሉን ቁልፍ ከቁልፎቻቸው መሀል አወጡና ሰብለወንጌል ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት።

«ጋሼ፣ ይቀመጡ» አለች ሰብለወንጌል። ዓይኗ ውሃ ሞልቷል። «ጋሼ ይስሙኝ፣ እኔ እኮ እንዲህ አላልኩም፣ እንዲያውም ክፍሉን…»

ጋሼ ወለሉን ያያሉ። ፊቷን ቀና ብለው አላዩም፣ የእኔንም። ያቺ ዓረፍተ ነገር በምን ልታልቅ እንደነበር እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ሰብለወንጌልም ደግማ አልጀመረችውም። እሳቸው ከወለሉ ላይ ዓይናቸውን እስካላነሡ ድረስ ሁለታችንም ለእሳቸው እዚያ አልነበርንም። በሩን ቀስ ብለው ዘግተው ወጡ።

ተከትያቸው ወጣሁ። አንዱን ፎቅ ወርደዋል፤ ግድግዳውን በእጃቸው እየዳሰሱ በቀስታ ይወርዳሉ።

«ጋሼ!» አልኩ።

ድምፄ በደረጃው ላይ እስከ ታች ድረስ ወርዶ ተመለሰ። ከሁለተኛው ፎቅ አንድ ሰው በሩን ከፍቶ ወደ ላይ አየኝ። እሳቸው አልዞሩም።

«ጋሼ!»

ሮጬ ልቀድማቸውና ፊት ለፊታቸው ልቆም እችል ነበር። ግን የዚያ ሕንፃ ደረጃ መስኮት የለውም፤ አምፖሉም ከተቃጠለ ቆይቷል። ብቆምም የምላቸውን አያዩትም ነበር።